የትንሿ ቦኖ ድንጋዮች

ዘወትር ሰው የማይበዛበት አንድ ቦታ፣ ለምሳሌ ጥግ ላይ ያለች ሻይ ቤት ወይም ከመንደር ወጣ ያለች ወፍጮ ቤት፣ አንድ ቀን ድንገት እስከ አፍ ገደፉ በሰው ተሞልቶ አጋጥሟችሁ ያውቃል? በዓል አይደለም፤ ለቅሶ የለም፤ ሰዉን የጠራውም የለም። ግን ሁሉም እዚያ ነው። "ዛሬ ምን ተገኘ?" ብላችሁ ትጠይቃላችሁ፤ የጠየቃችሁት ሰው ደግሞ ያንኑ ጥያቄ መልሶ ለእናንተ ያቀርባል።

እኔ ይህን ያየሁት ያን ጊዜ ናዝሬት በምንላት በአዳማ ነው። ዘመኑ የደርግ ነበር፤ ከመምህራን ማሠልጠኛ ከወጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ በቀበሌው አዳራሽ ለመሠረተ ትምህርት የተመዘገቡ እናቶችን ፊደልና ቁጥር አስቆጥራለሁ። ማስረዳት በጣም እወድ ነበር። ልብስ ሲሰጣ የትኛው ቀድሞ እንደሚደርቅ እንኳ ለጎረቤቶቼ ሳላስረዳ አላልፍም።

የተከራየሁት ክፍል ውሃ አልነበረውም። የሰፈሩ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው እኔም ጀሪካኔን ይዤ ቦኖ እወርዳለሁ። ትልቁ ቦኖ ገበያው አጠገብ ነበር፤ አራት ቧንቧ አለው። በየሰፈሩ ደግሞ ባለ አንድ ቧንቧ ትንንሽ ቦኖዎች ተበታትነዋል። ከሁሉም የምታንሰው ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፣ ነፋሱ አቧራውን ያለ ከልካይ በሚያመላልስበት ሜዳ ዳር ነበረች። ትልቁ ቦኖ ጋ በማንኛውም ሰዓት ብትሄዱ መቶ ያህል ሰው አይጠፋም፤ ጩኸቱ፣ ግፊያው፣ በርሜል የጫነው ጋሪ፣ ሁሉም የተለመደ ነው። ትንሿ ጋ ግን ስምንት ወይም ዘጠኝ ሰው ከተገኘ በቂ ነው።

ትንሿን ቦኖ የሚጠብቁት ከወሎ የመጡ፣ ሃምሳውን ያለፉ ሴት ነበሩ። ባላቸው ባቡር ጣቢያ በሸክም ሥራ ኖረው አርፈዋል። ሁላችንም "እትዬ" እንላቸዋለን። የቧንቧውን ቁልፍ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሰፌድ ይሰፋሉ። ቀበሌው ይህን ሥራ ሲሰጣቸው አንዲት ክፍል ቤትም አብሮ ሰጥቷቸው ነበር። ሥራው ከቀረ ክፍሏም ትቀራለች ማለት ነው። ሌላ የሚጠጉበት ሰው በከተማው አልነበራቸውም።

አሁን ስለ ወረፋው ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የተጠመጠመው እዚያ ላይ ነውና። ሥራ ያለው ሰው ቀኑን ሙሉ ቦኖ ጋ ቆሞ ሊውል አይችልም። ስለዚህ በእሱ ቦታ ዕቃ ይተካል። አንዱ ድንጋይ ያስቀምጣል፤ አንዷ የተሰነጠቀ ሳፋ፣ ሌላዋ ጆሮው የወለቀ ድስት። ዓይነቱ ብዙ ቢሆንም በጥቅሉ ሁሉም "ድንጋይ" ይባላል፤ የትኛው የማን እንደሆነም ሰፈሩ ያውቃል። ተራው ሲደርስ ባለቤቱ ካልተገኘ ቀጣዩ ሰው አልፎት ይቀዳል፤ ድንጋዩን ግን ማንም አያነሳውም። ማንሳት ነውር ነው፤ ባለቤቱን ራሱን ገፍትሮ እንደማስወጣት ይቆጠራል። ባለቤቱ ዘግይቶ ሲመጣ "ድንጋዬ ይኸው" ይልና ከፊት ይገባል። ማንም አይቆጣም። በቀን አንድ ወይም ሁለት ሰው እንዲህ ቢያደርግ ምን ያስቆጣል?

አንድ ቀን ስለ ማካፈል ሳስተምር የመጽሐፉ ብርቱካን ሰለቸኝና ቦኖውን ምሳሌ አደረግሁ። ትልቁ ቦኖ ጋ መቶ ሰው ለአራት ቧንቧ ሲካፈል ለአንዱ ቧንቧ ሃያ አምስት ሰው ይደርሰዋል። ትንሿ ጋ ስምንት ሰው ለአንድ ቧንቧ ነው።

"እንግዲህ የትኛው ይሻላል?" አልኩ።

"ትንሿ!" አሉ ሁሉም በአንድ ድምፅ።

"እሷ ደግሞ ሩቅ ናት" አለች ከፊት የምትቀመጠው ልብስ አጣቢ። ይህች ሴት የአርሲ ልጅ ናት፤ ገና ሳትናገር ክፍሉ መሳቅ ይጀምራል።

"መሄድማ የለብሽም። ድንጋይ ብቻ አስቀምጪ። ትልቁ ጋ ተራሽ ከዘገየ ወደ ትንሿ ትሄጃለሽ። ካልዘገየ ድንጋይሽ እዚያ ቁጭ ቢል ማንን ይጎዳል?"

"አቦ! ይቺ ልጅ እኮ ጉድ ናት" አለች ወደ ጓደኞቿ ዞራ። "እኛ በጀርባችን ስንሸከም እሷ በጭንቅላቷ ትሸከማለች።"

ደስ አለኝ። ያስተማርኩት ነገር ከጥቁር ሰሌዳው ወርዶ ሰው ቤት ሲገባ የመጀመሪያዬ ነበር። በማግስቱ እኔም ቀዳዳ የበዛበት ቀይ ድንጋይ መርጬ ትንሿ ቦኖ ጋ አስቀመጥኩ። እናቶቹ ለጎረቤት ነገሩ፤ ጎረቤት ለጎረቤት ነገረ። ለብዙ ሳምንታት ዘዴው ሠራ። በየቀኑ ከመካከላችን ሁለት ሦስት ሰው ብቻ ወደ ሐዲዱ ማዶ ይሻገርና ፈጥኖ ቀድቶ ይመለሳል። የቀሩት ድንጋዮች ዝም ብለው ተቀምጠው ይጠብቃሉ።

አንድ ጊዜ እትዬ ሰፌዳቸውን ጭናቸው ላይ አሳርፈው "ልጄ፣ ሰዉ ስምንት ነው፤ ድንጋዩ ግን በዛብኝ" አሉኝ።

"እትዬ፣ ድንጋይ ውሃ አይጠጣም" ብዬ መለስኩ። ተራ የሚጠብቁት ሳቁ። እሳቸው ትንሽ አዩኝና ወደ ስፌታቸው ተመለሱ።

ነገሩ የሆነው በገበያ ቀን ነው። ረፋድ ላይ ከትልቁ ቦኖ አራት ቧንቧዎች የአንደኛው ውሃ እየቀጠነ ሄዶ ክር አከለ። ሦስቱ ደህና ነበሩ። ከወረፋው ጅራት የነበሩ አምስት ስድስት ሴቶች "ማዶ ድንጋይ አለን" ብለው ጀሪካናቸውን አንስተው ሄዱ። እስከዚህ ድረስ ልክ እንዳስተማርኳቸው ነው። ነገር ግን ከቦኖ ባዶ ጀሪካን ይዞ የሚመለስ ሰው ለሚያየው ሁሉ ወሬ ነው። ገበያ የነበሩት "ውሃው ሄደ እንዴ?" ተባባሉ። መልሱን ሳይጠብቁ፣ ማዶ ድንጋይ ያላቸው ሁሉ ተከተሉ። በሌሎቹ ትንንሽ ቦኖዎች የቆሙትም ሰው ወደ ሐዲዱ ሲጎርፍ አዩና ቦታቸው እንዳይወሰድባቸው ሮጡ። ከእነዚህ ሰዎች መካከል ያበደም፣ የዋሸም፣ ክፉ ያሰበም አልነበረም። አንድ በአንድ ብትጠይቋቸው እያንዳንዱ ያደረገው ነገር ልክ ነበር።

እኔም ደረስኩ። ሜዳው ሰው በሰው ሆኗል። ስድሳ ይሁን ሰማንያ መቁጠር አልቻልኩም። የከፋው ደግሞ ለሳምንታት ሲታለፉ የኖሩት ድንጋዮች ሁሉ ከፊት መሆናቸው ነበር። የመጣው ሰው ሁሉ አንደኛ ነው፤ ሁሉም እውነቱን ነው።

"ድንጋዬ ከፊት ነው!"

"የኔም ከፊት ነው፤ ዓይን የለሽም?"

"ያንቺ ያ ነው? እኔ የፈረስ ጥርስ መስሎኝ!"

መጀመሪያ ይሳቅ ነበር። እትዬ ቧንቧውን በጀርባቸው ከልለው፣ እጃቸውን ዘርግተው "አንድ ባንድ! ወላሂ እዘጋዋለሁ!" ይላሉ። ከኋላ ያለው ከፊት ምን እንዳለ አያይም፤ ስለዚህ ይገፋል። ከፊት ያለው የሚሄድበት የለውም። ጠብ አልነበረም፤ ክብደት ብቻ ነበር። እትዬን አንዲት ሴት በክንዳቸው ስባ ወደ ጎን አወጣቻቸው። ወዲያው ቧንቧው ቀስ ብሎ ዘመመና ከሥሩ ተሰበረ። ውሃው ከቆርቆሮው ጥላ በላይ ተወረወረ። ሦስት እንስራ ተሰበረ። ደግነቱ ሰው አልተጎዳም። ያ ሁሉ ሕዝብ ባዶ ዕቃውን ይዞ፣ ውሃው አቧራ ውስጥ ሲሰምጥ ቆሞ አየ።

ከሐዲዱ ማዶ ያለው ሰፈር ለቀናት ውሃ አጣ። ቀበሌውም "ለምን?" ብሎ መጠየቅ ጀመረ። ሊቀ መንበሩ ክፉ ሰው አልነበሩም። ግን ከበላያቸው ላሉት መልስ መስጠት ነበረባቸው፤ መልሱ ደግሞ የሰው ስም ያለው እንዲሆን ይጠበቃል። አብዛኛው ሰውም እንደሳቸው ነበር የሚያስበው፤ ይህን ያህል ትልቅ ነገር ያለ ትልቅ ምክንያት አይሆንም፤ አንድ ሰው ሆን ብሎ ወሬ ነዝቶ ሕዝቡን ጠርቶታል። ማን? ቁልፉን የያዘች ናታ! "አሻጥር" የሚለው ቃል ተነሣ። በዚያን ዘመን ያ ቃል ለቀልድ አይነሣም ነበር። እሑድ ከሰዓት በአዳራሹ ስብሰባ ተጠራ። እትዬ ከሥራቸውና ከክፍላቸው ይነሡ፣ ጉዳያቸውም ወደ ላይ ይተላለፍ የሚል ሐሳብ እንደሚቀርብ ሁሉም አስቀድሞ ያውቅ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ልብስ አጣቢዋ በራፌ ላይ መጣች። የረጠበ እጇን ቀሚሷ ላይ እየጠረገች "ቲቸር፣ እሑድ ትመጫለሽ?" አለችኝ።

"መጥቼ ምን እላለሁ?"

"ያንን ትያለሽ ነዋ! ድንጋይ አስቀምጡ ያልሽን አንቺ አይደለሽ? እሳቸው የጠሩት ሰው የለም። እኔን የጠራኝ ድንጋዬ ነው።"

ወንበር ሳብ አድርጌ አቀረብኩላት።

"ስታስተምሪ አፍሽ አይያዝም" አለች። "አሁን ምን ያዘው?"

የያዘው ፍርሃት ነበር። እሳቸው ላይ የተነሣው ቃል ወደ እኔ ሊዞር ይችላል፤ የምስክር ወረቀት ያለኝ የመንግሥት ሠራተኛ መሆኔም ያን ጊዜ ብዙ አያድንም። እሷ ስትሄድ ጠረጴዛዬ ላይ ወረቀት ዘርግቼ በየቦኖው ምትክ ክቦች ሣልኩ፤ በሰዉ ምትክ ሽምብራ አወጣሁ። ራሴን ማሳመን ካልቻልኩ ሌላውን ላሳምን አልችልምና ሁለት ቀን ሙሉ ሽምብራ ሳንቀሳቅስ ከረምኩ። መጀመሪያ የፈለግሁት ትልቅ ምክንያት ሳይኖር ትልቅ ነገር ሊሆን መቻሉን ማየት ብቻ ነበር። ያገኘሁት ግን ያልጠበቅሁትን ነው። ፍሬዎቹ ዝም ብለው፣ በዕጣ ብቻ፣ ከክብ ወደ ክብ ሲዘዋወሩ ብዙ መንገድ የሚገናኝበት መካከለኛው ክብ፣ ማለትም ትልቁ ቦኖ፣ ምንም አይሆንም። አንዴ ትንሽ ይበዛበታል፣ አንዴ ትንሽ ያንስበታል፤ ያው ነው። ከለመደው እጥፍ የሚሆን ጎርፍ ሳይታሰብ የሚመጣው ብዙ መንገድ በሌላቸው ትንንሾቹ ክቦች ላይ ነበር። ድንጋይ እንደማስቀመጥ ያለ አንድ ሕግ ስጨምርበት ደግሞ፣ ማለትም መካከለኛው ክብ ትንሽ በበዛበት ቁጥር ትርፉ ሁሉ ወደ አንዲቱ ክብ ይሂድ ስል፣ ያቺ ክብ ትሰምጥ ነበር።

እሑድ አዳራሹ ሞላ። እትዬ ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፤ ቁልፉ አንገታቸው ላይ አልነበረም። ሊቀ መንበሩ ነገሩን ካስረዱ በኋላ እጄን አነሣሁ።

"እሺ ጓድ መምህርት።"

ጠረጴዛቸው ላይ ወረቀቴን ዘረጋሁና ሽምብራዬን አፈሰስኩ። ከፊት ያሉት ተንጠራሩ።

"ይህ ሒሳብ ነው ወይስ ቁማር?" አሉ ሊቀ መንበሩ፤ አዳራሹ ሳቀ።

"ሒሳብ ነው፤ ግን ዕጣ አለበት" አልኩ። ዕጣውን ራሳቸው እንዲያወጡ ለመንኳቸው። አወጡ። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ አምስት ዙር። መጀመሪያ ለወጉ ያህል ነበር፤ በኋላ ግን ጎንበስ አሉ። በሰባተኛው ዙር ዳር ላይ ያለች አንዲት ክብ በፍሬ ተሞላች።

"ማን ላከው ይህን ሁሉ?" አልኩ።

"ማንም። ዕጣው ነው" አሉ፤ ከዚያም እኔ የት ልወስዳቸው እንደሆነ ገብቷቸው ቀና ብለው አዩኝ።

"ድንጋይ ሳይጨመርበት ነው ይህ የሆነው። ድንጋዩን ግን እኔ ጨምሬበታለሁ። ማዶ ድንጋይ አስቀምጡ ብዬ በዚሁ አዳራሽ ያስተማርኩ እኔ ነኝ። የኔም ድንጋይ እዚያ ነበር። እትዬ በዝቷል ብለው ነግረውኝ አልሰማኋቸውም። እስቲ ማዶ ድንጋይ የነበረው ሰው እጁን ያንሣ።"

በዚያ ዘመን በስብሰባ ላይ እጅ ማንሣት ቀላል አይደለም። መጀመሪያ ልብስ አጣቢዋ አነሣች፤ ያውም ሁለቱን። "ሁለት ድንጋይ ነበረኝ፤ ምን ላድርግ?" አለች። ከዚያ አንድ፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ የአዳራሹ ግማሽ።

"የሊቀ መንበሩም ቤት ድንጋይ አለው!" የሚል የሴት ድምፅ ከመሐል ተሰማ። "ያ ሰማያዊ ባልዲ፣ ቂጡ የተበሳው!"

ሳቁ ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው። ሊቀ መንበሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ወረቀቱን አዩ፤ እትዬን አዩ። ቀስ ብለውም "እንግዲህ ባልዲውን ወደ ላይ ላስተላልፈው አልችልም" አሉ።

ውሳኔው አጭር ነበር። ለአንድ ቤት አንድ ድንጋይ፣ በአንድ ቦኖ ብቻ። ተራው ደርሶ ባለቤቱ ያልተገኘ ድንጋይ ወደ ጅራት ይሄዳል፤ የሚያነሣውም ጠባቂው ነው፤ ነውርነቱም ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል። እትዬ በሥራቸው ይቀጥላሉ። እሳቸው ከተቀመጡበት ሳይነሡ "የቧንቧውስ መጠገኛ?" ብለው ጠየቁ። እሱንም ተስማሙበት።

ቧንቧው በተሠራ በሳምንቱ ውሃ ልቀዳ ሄድኩ። ቁልፉ አንገታቸው ላይ ተመልሷል።

"ድንጋዬ የት ሄደ፣ እትዬ?"

"ጅራት ላይ ነው። ሕግ ነው" አሉ ሳያፍሩ። ከዚያ ጎናቸው ያለውን መሬት በመዳፋቸው ጠረጉ። "እስክትደርሺ ቁጭ በይና ያንን የሽምብራውን ነገር ለኔም አሳዪኝ። ያን ቀን ከኋላ ሆኜ አልታየኝም፤ የኔ ቤት ነበር እኮ የሚጫወቱበት።"

አቧራው ላይ ክቦቹን ሣልኩላቸው። ሽምብራ ስላልነበረን ጠጠር ለቀምን። ሳንቲም እሳቸው ወረወሩ። ለረጅም ጊዜ ምንም አልሆነም፤ ትዕግሥታቸው ከተማሪዎቼ ሁሉ ይበልጥ ነበር። ኋላ ዳር ያለችው ክብ ስትሞላ ጣታቸውን አስጠግተው "ይቺ እኔ ነኝ" አሉ፤ "አየሽ፣ ምንም አላደረገችም።"

እናንተም ሞክሩት። በወረቀት መሐል አንድ ትልቅ ክብ፣ ዙሪያውን ስድስት ትንንሽ ክቦች ሣሉና ከአንድ እስከ ስድስት ቁጥር ስጧቸው። እያንዳንዷን ትንሽ ክብ በመስመር ከመሐሉ ጋር አገናኙ፤ ትንንሾቹን ደግሞ ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ እርስ በርስ አገናኙ። መሐሉ ላይ አሥራ ሁለት፣ ትንንሾቹ ላይ አራት አራት የሽምብራ ፍሬ አስቀምጡ። በየዙሩ ፍሬ ሁሉ ይንቀሳቀስ፤ ትንሽ ክብ ውስጥ ላለው ሳንቲም ወርውሩለት፣ አንበሳ ከሆነ ወደ መሐል፣ ካልሆነ ወደ ጥንዱ ይሂድ። መሐል ላለው ከስድስት ቁራጭ ወረቀት ዕጣ አውጡለት፤ ያወጣችሁትን ወረቀት መልሳችሁ ቀላቅሉት። አንዴ የተንቀሳቀሰው ፍሬ በዚያው ዙር ሁለተኛ እንዳይንቀሳቀስ ከክቡ ጫፍ አስቀምጡት። ከየዙሩ በኋላ ቁጠሩና ጻፉ። ከለመደው እጥፍ የደረሰበት ክብ የትኛው እንደሆነ ተመልከቱ፤ ሲሞላም ጥፋተኛውን ከመፈለጋችሁ በፊት አንድ ዙር ጨምራችሁ ተጫወቱ።